በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ስለ መቁጠር

ዓባይ ከጣና ሲወጣ ቆሞ የሚመለከት የባሕር ዳር ሰው፣ ውሃው ሞላ ወይስ ጎደለ ቢሉት በዓይኑ አይቶ ይመልሳል። በኮምፒውተር መረብ ውስጥ የሚያልፈው ግን አይታይም። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይኽ የማይታየው ነገር እንዴት መታየት እንደ ጀመረ ለመጻፍ የተነሣነው በትምህርት ቤታችን በደረሰ አንድ ክርክር ምክንያት ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

በአገራችን የሽቦ መገናኛ ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 ነው። ቴሌፎን በእጅ በሚገናኝበት ጊዜ፣ መስመሩን የሚያገናኘው ሠራተኛ ማን ማንን እንደ ጠራ ያውቅ ነበር፤ ቢፈልግም ማዳመጥ ይችል ነበር። ኢንተርኔት በ1997 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ግን በመካከል የሚቀመጥ ሰው አላስፈለገም።

መረቡን የመመልከቻው ዘዴ የተወለደው ከችግር ነው። በጥቅምት 1986 በካሊፎርኒያ፣ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በዩኒቨርሲቲው መካከል የነበረው መስመር በድንገት ታፈነ። ርቀቱ 400 ያርድ ብቻ ነው፤ ከጣና ዳር ብንለካው ለአጭር ሽርሽር እንኳ አይበቃም። ነገር ግን በሴኮንድ 32 ሺህ ቢት ያሳልፍ የነበረው ወደ 40 ቢት ወረደ! ቫን ጃኮብሰንና ማይክል ካረልስ ነገሩን መርምረው በ1988 ምክንያቱን አስታወቁ፤ ይኸውም ኮምፒውተሮቹ መልእክት የጠፋባቸው ሲመስላቸው ደጋግመው እየላኩ መጨናነቁን ያብሱት ነበር። በዚያው ላቦራቶሪ ጃኮብሰን፣ ክሬግ ሌረስና ስቲቨን ማካን ቲሲፒደምፕ የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። ትእዛዙ በጽሑፍ ሲሰጠው፣ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ጥቅል ሰዓቱን፣ መነሻውንና መድረሻውን በአንድ መስመር ይጽፋል። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ካወጣ በኋላም ፕሮግራሙ በዚያ ላይ የተለመደ መሣሪያ ሆነ።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተር ክፍላችን ኢንተርኔቱ እየደከመ ሲያስቸግር፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊልም ያወርዳሉ ተብለው ተከሰሱ። በመምህራችን ፈቃድ፣ የክፍሉ መስመር በሚያልፍበት የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥን። ሊኑክስ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ የገባውንና የወጣውን ባይት የሚቆጥርበት የራሱ መዝገብ አለው። አንድ ጊዜ አነበብነው፤ ከ10 ሴኮንድ በኋላ ደግመን አንብበን ልዩነቱን ለ10 አካፈልን። መስመሩ በእርግጥ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ቲሲፒደምፕን ብናስነሣ፣ ማንም ያልተቀመጠባቸው ኮምፒውተሮች ሳይቀሩ ሁሉም በአንድ ሰዓት አፕዴት የሚባለውን ማሻሻያ ሲያወርዱ ተገኙ።

ከመካከላችን አንዱ የመምህራን ክፍል የሚልከውንም እንመልከት አለ። ዛሬ አብዛኛው ጽሑፍ በምሥጢር ተቆልፎ ስለሚያልፍ አይነበብም፤ ወዴት እንደ ሄደ ግን ይታወቃል። ጥቂት ከተከራከርን በኋላ እምቢ አልነው፤ የያዝነውንም ፋይል በመምህራችን ፊት ደመሰስን።

ማሻሻያው ወደ ሌሊት ተዛወረ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይቅርታ የጠየቀ ግን አልነበረም። ከከሳሾቹ መካከል እኛም ስለ ነበርንበት፣ በዚህ መጽሔት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።