የነርስነት ትምህርት ቤት ደጃፍ

ወደ ነርስነት ትምህርት ቤት ለመግባት የሚደረገው ፉክክር የዛሬ ዘመን ችግር ብቻ ይመስለናል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቀን እየሠሩ ማታ እየተማሩ የአናቶሚ፣ የፊዚዮሎጂና የማይክሮባዮሎጂ ትምህርቶችን በከፍተኛ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ እንኳ ቦታ አጥተው መቆየታቸውን ሲያጫውቱን የምንገረመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገሩ ግን የቆየ ታሪክ አለው። ታሪኩ በቅርብ ሲመረመር፣ ደጃፉን የከፈቱትም የዘጉትም መመዘኛዎች ጥሩ አስታማሚ ማን እንደምትሆን ለመለየት ብቻ የተቀረጹ እንዳልነበሩ ያሳያል።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤቷ ሲከፈት፣ የአስታማሚነት ሥራ በሕዝብ ዘንድ ስሙ የጎደፈ ነበር። ስለዚህም ለአመልካቿ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለግባት የመልካም ጠባይ ምስክርነት ሆነ። ዕድሜዋም ከ25 እስከ 35 ዓመት ቢሆን ይመረጥ ነበር። ትምህርት ቤቱ በዚያን ጊዜ አጥብቆ የሚፈራው የሙያው ስም እንዳይጎድፍ ነበርና መስፈርቱም ይህንኑ ፍርሃት ተከትሎ ወጣ።

ከ18 ዓመት በኋላ በቦስተን ከተማ የሆነውን እንመልከት። ሜሪ ኢላይዛ ማሆኒ ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች በ1845 የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በኒው ኢንግላንድ የሴቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ወጥ ቤት ስትሠራ፣ ወለል ስትወለውል፣ ልብስ ስታጥብ፣ አልፎ አልፎም በነርስ ረዳትነት ስታገለግል 15 ዓመት ያህል ቆየች። በ1878 ወደዚያው ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ስትገባ ዕድሜዋ 33 ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ ግን የሚፈቅደው ከ21 እስከ 31 ዓመት ላሉት ነበር። ደንቡ ለእርሷ ሲባል የላላው ለዓመታት ሥራዋን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ስለነበሩ ይመስለኛል። ይሁንና ሆስፒታሉ በየዓመቱ ከአንዲት ጥቁርና ከአንዲት አይሁዳዊት በላይ እንደማይቀበል ይነገራል። በሴት ሐኪሞች የተመሠረተ፣ ሴቶች ከሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ መመለሳቸው የወለደው ተቋም የራሱን ደጃፍ እንዲህ ማጥበቡ ያሳዝናል።

መግባቱም ገና ጅማሬው ነበር። ሥልጠናው 16 ወር ይፈጃል፤ የተማሪዋ የሥራ ቀን ከንጋቱ 11፡30 እስከ ምሽቱ 3፡30 ይዘልቃል። አብረዋት ከጀመሩት 42 ተማሪዎች በ1879 ያጠናቀቁት አራት ብቻ ሲሆኑ ከእነርሱ አንዷ ማሆኒ ነበረች። በአሜሪካ ሠልጥና የተመረቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር ነርስ የተባለችውም ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ደጃፋቸውን ለጥቁሮች እንደዘጉ በመቆየታቸው በ1908 የጥቁር ምሩቅ ነርሶች ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት በቦስተን የተደረገውን የመጀመሪያ ጉባኤውን በንግግር የከፈተችውም ማሆኒ ናት። ማኅበሩ ሥራዬን ፈጽሜአለሁ ብሎ የፈረሰው በ1951 ነው፤ እርሷ ግን ካረፈች 25 ዓመት ሆኗት ነበር።

በዚህ መካከል ትምህርቱ ከሆስፒታል ወደ ዩኒቨርሲቲ እየተሻገረ ሄደ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1909፣ ዬል ደግሞ በ1923 የነርስነት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ዬል በ1934 ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪን ቅድመ ሁኔታ አደረገ። ተማሪዋ ርካሽ የሆስፒታል ጉልበት መሆኗ እንዲቀር የተደረገው ትግል ተገቢ እንደነበረ አልጠራጠርም። ነገር ግን ልብስ ከማጠብ ተነሥታ ወደ ተማሪነት ለተሻገረችው ለማሆኒ ዓይነቷ ሴት መንገዱ በዚያው ልክ ረዘመ።

ዛሬስ? የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር እንዳስታወቀው፣ በ2023 መስፈርቱን አሟልተው ሳለ ከዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆኑ ፕሮግራሞች የተመለሱ ማመልከቻዎች 65,766 ነበሩ። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ሊያመለክት ስለሚችል ቁጥሩ የሰዎች አይደለም። ምክንያቱም የአመልካቾቹ ድክመት ሳይሆን የመምህራን፣ የተግባር መለማመጃ ሥፍራና የመማሪያ ክፍል እጥረት ነው። ነርስ በጠፋበት አገር ነርስ የሚሆነው ሰው ከደጅ ይመለሳል ማለት ነው።

እኛ ሐኪሞች በአንድ ፈተና ውጤትና በምደባ የገባን ነንና ስለ ደጃፍ ብዙም አናስብም። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ግን አንዲት የፅዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ሽባ የሆነ በሽተኛ ጀርባው እንዳይቆስል ሳይነገራት ከአስታማሚው ቤተሰብ ጋር ሆና ታገላብጥ ነበር። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ «ዶክተር፣ በዚህ ዕድሜዬ ነርስነት ቢያመለክቱ ይቀበሉኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። ማሆኒን ያን ጊዜ አላውቃትም ነበር፤ መልስ ሳልሰጣት ለድንገተኛ ተጠራሁ።