የቢት ቁጥር ምን ይለካ ነበር?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1988 የጃፓኑ ሴጋ ኩባንያ ሜጋ ድራይቭ የተባለውን የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ በአገሩ ገበያ ባወጣ ጊዜ፣ በጥቁሩ ማጫወቻ አናት ላይ በወርቅማ ቀለም ጎልቶ የሚታየው ጽሕፈት «16-ቢት» የሚል ነበር። እስከዚያ ዘመን ድረስ በአብዛኛው የመሐንዲሶች የሥራ ቋንቋ ሆኖ የኖረ አንድ ልኬት፣ ከዚያ ወዲህ ወደ አደባባይ ወጥቶና የክብር ማዕረግ ለብሶ፣ ለ13 ዓመታት ያህል ወጣቶችን ሲያከራክር፣ ወላጆችንም ገንዘብ ሲያስወጣ ኖረ። ይሁን እንጂ ቁጥሩን በቃላቸው ከሚያውቁት መካከል፣ ምን እንደሚለካ መርምረው የተረዱት ጥቂቶች ነበሩ።

ቢት በኮምፒዩተር ጥበብ ከሁሉ የሚያንሰው የመረጃ ቅንጣት ሲሆን፣ ዜሮ ወይም አንድ ከመሆን በቀር ሌላ ጠባይ የለውም። የማጫወቻው ዋና አስሊ የሆነው ፕሮሰሰር በአንድ ትእዛዝ 8 ቢት ብቻ አንሥቶ የሚደምርና የሚቀንስ እንደ ሆነ ባለ 8 ቢት ይባላል፤ የሚይዛቸውም አኃዞች ከ0 እስከ 255 ያሉት 256 ናቸው። ወደ 16 ቢት ሲሰፋ 65,536፣ ወደ 32 ቢት ሲሰፋ ደግሞ ከ4 ቢሊዮን የሚበልጡ አኃዞችን ይይዛል። ከዚህም የተነሣ፣ በ1986 በወጣው የኒንቴንዶ ጨዋታ በዜልዳ ተጫዋቹ የሚያከማቸው ሀብት ከ255 አያልፍም ነበር፤ በ1980ው ፓክማን ደግሞ የደረጃው ቁጥር በ8 ቢት ስለ ተያዘ፣ 256ኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ብርቱ ተጫዋች የስክሪኑን ግማሽ በተመሰቃቀለ ፊደልና ምልክት ተሸፍኖ ያገኘዋል። ይህ ማለት ግን ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰር ከ255 በላይ መቁጠር አይችልም ማለት አይደለም፤ ታላቁን ቁጥር ከፋፍሎ በተከታታይ ትእዛዞች ሊያሰላው ይችላልና፣ የሚጎድለው ችሎታ ሳይሆን ጊዜ ነው።

እንግዲህ የቢት ቁጥር በጥብቅ ትርጓሜው የሚናገረው ስለ ፕሮሰሰሩ ስፋት ብቻ ነው፤ ስለ ቀለም ብዛት፣ ስለ ድምፅ ጥራት፣ በስክሪኑ ላይ ስለሚንቀሳቀሱት ሥዕሎች የሚሰጠው ምስክርነት የለም። ለዚህም ማቴል በ1979 ለሙከራ፣ በ1980 በመላው አሜሪካ ለሽያጭ ያቀረበው ኢንቴሊቪዥን ማስረጃ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ባለ 16 ቢት ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ 1 ሜጋ ኸርዝ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ኩባንያውም ይፎካከር የነበረው የስፖርት ጨዋታዎቹን ከአታሪ ጨዋታዎች ጋር ጎን ለጎን እያሳየ ነው። በ1983 የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም ባለ 8 ቢት ብቻ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ በ1.79 ሜጋ ኸርዝ ስለሚሠራና ለሥዕል የተለየ ብርቱ ቺፕ ስለ ተሰጠው፣ በምስል ውበት ቀዳሚውን በእጅጉ በለጠው።

የሜጋ ድራይቭ ፕሮሰሰር የሆነው ሞቶሮላ 68000 ራሱ ሁለት መልክ ነበረው፤ ውስጣዊ መዝገቦቹ 32 ቢት ይይዛሉ፣ ከማኅደረ ትውስታ ጋር የሚያገናኘው የመረጃ መስመር ግን 16 ቢት ነው። ሴጋ ትንሹን ቁጥር መረጠ፤ ሌሎች ግን እንዲህ አልተቆጠቡም። ኤን.ኢ.ሲ. እና ሃድሰን በ1987 ያወጡት ፒሲ ኤንጂን ፕሮሰሰሩ ባለ 8 ቢት ሲሆን፣ በ1989 ወደ አሜሪካ ሲሻገር የሥዕል ቺፑ 16 ቢት መሆኑ በቂ ምክንያት ሆኖ ቱርቦግራፍክስ-16 ተባለ። ኒዮ ጂኦ የተባለው ማጫወቻ በበኩሉ ባለ 16 ቢትና ባለ 8 ቢት ሁለት ፕሮሰሰሮች ስለ ነበሩት፣ ሻጮቹ ሁለቱን ደምረው «24-ቢት» ብለው አወጁ።

በ1990 የወጣው የኒንቴንዶ ሱፐር ፋሚኮም ደግሞ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ እንደ ሆነ ጎተራ ነበር፤ ፕሮሰሰሩ በውስጡ 16 ቢት ያሰላል፣ መረጃ የሚገባበትና የሚወጣበት መስመር ግን 8 ቢት ነው፤ ፍጥነቱም ቢበዛ 3.58 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን የሜጋ ድራይቩ 7.67 ነበር። እንዲህም ሆኖ ሱፐር ፋሚኮም ከ32,768 ቀለሞች መካከል 256ቱን በአንድ ጊዜ ሲያሳይ፣ ሜጋ ድራይቭ የነበረው ምርጫ ከ512 ቀለሞች ነው። ሁለቱም «16-ቢት» ተብለው ቢጠሩም፣ የአንዱ ብርታት በፍጥነት፣ የሌላው በሥዕል ጥበብ ነበር።

ክርክሩ ወደ ጫፍ የደረሰው በኖቬምበር 1993 አታሪ ጃጓር የተባለውን ማጫወቻ «64-ቢት» ብሎ፣ ተመልካቹም ሒሳቡን ራሱ እንዲሠራ በሚጋብዝ መፈክር ባቀረበው ጊዜ ነው። በጃጓር ውስጥ ቶምና ጄሪ የተባሉ ሁለት ቺፖች ነበሩ። ሥዕል የሚገለብጡትና በስክሪኑ የሚያሰልፉት ክፍሎች፣ እንዲሁም የማኅደረ ትውስታው መስመር በእርግጥ 64 ቢት ነበሩ፤ የጨዋታውን ስሌት የሚፈጽሙት ሁለቱ ዋና አስሊዎች ግን እያንዳንዳቸው 32 ቢት ሲሆኑ፣ በአጠገባቸውም ያ አሮጌው ሞቶሮላ 68000 ለአስተባባሪነት ተቀምጦ ነበር። ጨዋታ ጸሐፊዎቹ አዲሶቹን ቺፖች ለመማር ከመድከም የለመዱትን 68000 ማሠራት ስለ መረጡ፣ በርከት ያሉ ጨዋታዎች ከባለ 16 ቢቶቹ ብዙም ሳይለዩ ቀሩ። አታሪም በ1996 ጄ.ቲ.ኤስ. ከተባለ የሃርድ ዲስክ አምራች ጋር ተዋሐደ።

በዚያው ዓመት የወጣው ኒንቴንዶ 64 ፕሮሰሰሩ በእውነት ባለ 64 ቢት ነበር። ነገር ግን ጨዋታዎቹ ያን ያህል ታላቅ ቁጥር ስለማያስፈልጋቸው አብዛኛው ሥራ በ32 ቢት ስሌት ይከናወን ነበር፤ በአንጻሩ የተጎዳው ቢት በማይለካው ነገር ነው፤ ይኸውም ካርትሪጁ ቢበዛ 64 ሜጋ ባይት ሲይዝ፣ የተፎካካሪው የሶኒ ፕሌይስቴሽን ሲዲ እስከ 650 ሜጋ ባይት ድረስ ይይዛል። ባለ 32 ቢቱ ፕሌይስቴሽን ከ100 ሚሊዮን በላይ፣ ባለ 64 ቢቱ ኒንቴንዶ ግን ወደ 33 ሚሊዮን ያህል ተሸጡ።

የሴጋ ድሪምካስት በ1998፣ ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 «128-ቢት» ሲባሉ፣ የተቆጠረው አራት ባለ 32 ቢት ቁጥሮችን አንድ ላይ የማስላት ችሎታቸው ነበር። በ2001 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን ሲያወጣ ግን በውስጡ በ733 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ባለ 32 ቢት የኢንቴል ፕሮሰሰር አኖረ፤ ያም ፕሮሰሰር አራት ቁጥሮችን አንድ ላይ ማስላት ይችል ነበርና፣ በድሪምካስት ስሌት ቢቆጠር 128፣ በዋና መዝገቦቹ ስፋት ቢቆጠር 32 ይሆን ነበር። ቁጥሩ በዚህ ደረጃ እንደ ቆጣሪው ፈቃድ የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ ከማስታወቂያዎች ላይ ቀስ በቀስ ጠፋ።

የስፋት እውነተኛ ጥቅም የታየው ከዚያ በኋላ ነው። 32 ቢት በቀጥታ ሊያመለክት የሚችለው የማኅደረ ትውስታ ልክ 4 ጊጋ ባይት ሲሆን፣ ኤክስቦክስ የነበረው 64 ሜጋ ባይት ብቻ ስለ ሆነ ከዚያ የሰፋ አድራሻ አያስፈልገውም ነበር። በ2013 የወጡት ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን ግን 8 ጊጋ ባይት ስለ ያዙ፣ ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር የግድ ሆነባቸው። ያን ፕሮሰሰር የነደፈው ኤ.ኤም.ዲ. የሰጠው ስም «ጃጓር» መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ 64 ቢት በእርግጥ ባስፈለገበት በዚያ ጊዜ ግን ሻጮቹ ይህን ቁጥር የማስታወቂያቸው መፈክር አላደረጉትም።