አውቶሜሽንና የድርጅት ወጪ፦ ከጊንጪ መጋዘን እስከ ሙገር

አውቶሜሽን የሚለው ቃል ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ሰው የማይታይበት ትልቅ ፋብሪካ ነው። በቀላል አነጋገር ግን አውቶሜሽን ማለት ሰው ደጋግሞ በእጁ ይሠራው የነበረን ሥራ፣ መሣሪያ ወይም የኮምፒዩተር ፕሮግራም በተወሰነለት ሕግ መሠረት በራሱ እንዲሠራው ማድረግ ነው። ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋው ተንሳፋፊም፣ የወሩን ደመወዝ አስልቶ ግብርና የጡረታ መዋጮ የሚቀንሰው ፕሮግራምም ከዚሁ ይመደባሉ። ለመሆኑ እንዲህ ያለው አሠራር በእኛ አገር ድርጅቶች ዘንድ በእርግጥ ወጪ ይቀንሳል? ከቀነሰስ የሚቀንሰው የትኛውን ወጪ ነው?

ጥያቄው የመጣብኝ ከጭልሞ ደን አጠገብ፣ በጊንጪ ከተማ ነው። ጭልሞ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ በምዕራብ ሸዋ ዞን ደንዲ ወረዳ የሚገኝ የጥድና የዝግባ ደን ሲሆን፣ የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር በጋራ የሚያስተዳድሩት በመሆኑ ይታወቃል። ጊንጪ ደግሞ የጥቁር አፈርና የጤፍ አገር ናት። እዚያ እህል የሚነግድ አንድ የቆየ ወዳጄ «አንተ የሒሳብ ሰው ነህና ና ምከረኝ» ብሎ ጠራኝ። ኤሌክትሮኒክ ሚዛንና ኮምፒዩተር ገዝቶ ሁለት ሠራተኞችን ሊያሰናብት አስቧል።

መዝገቡን ሁለት ቀን አገላበጥኩት። የሁለቱ ሠራተኞች የዓመት ደመወዝ ተደምሮ፣ በየቆጠራው ከሚጎድለው ጤፍ ዋጋ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ወዳጄ ጉድለቱን የሌባ ሥራ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። እህሉ ሲገባ ሚዛን ላይ የቆመው ሰው በእጅ ደብተር ይጽፋል፤ ማታ ሌላው ሰው ወደ ገቢ ደረሰኝ ይገለብጠዋል። የጆንያው ክብደት አንድ ቀን ይቀነሳል፣ አንድ ቀን ይረሳል። መኪና ቸኩሎ ሲጫን ደግሞ ጆንያ ተቆጥሮ ብቻ «አንድ ጆንያ አንድ ኩንታል» ተብሎ ይወጣል።

ስለዚህ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት ወረቀቱን አስተካከልን። ለእያንዳንዱ ጭነት ቁጥር ተሰጠው፣ ሲገባም ሲወጣም እንዲመዘን ሆነ፣ መገልበጥ ቀረ፣ ሚዛኑ ላይ የቆመው ሰው ደረሰኙን እዚያው ይጽፍ ጀመር። በሚቀጥለው ቆጠራ ጉድለቱ በግልጽ ቀነሰ፤ ለዚህ የወጣው ገንዘብ የደረሰኝ ማሳተሚያ ብቻ ነው። ኤሌክትሮኒክ ሚዛኑ የተገዛው ከዚያ በኋላ ነው። እርሱም ቢሆን ጠቃሚነቱ የተረጋገጠው የሚከተለው አሠራር ስለተስተካከለ ነው ባይ ነኝ።

በውጭ አገር መጻሕፍት አውቶሜሽን የሚወደሰው በአመዛኙ የሰው ጉልበት ወጪ ስለሚቆጥብ ነው። ደመወዝ በከበደበት በአውሮፓ ወይም በጃፓን ይህ ያስኬዳል። በእኛ አገር ግን ደመወዙ ዝቅተኛ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ በዶላር ይመጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በአሮጌው ምንዛሪ ተሰልቶ «ያዋጣል» የተባለ ዕቅድ ካለዎት እንደገና ማስላት ይኖርብዎታል።

እንግዲህ ቁጠባው ያለው በብክነት፣ በስሕተትና በጊዜ ላይ ነው። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው እዚያው ዞን፣ አዳበርጋ ወረዳ ሙገር ያለው የሲሚንቶ ኢንዱስትሪ ነው። በደርግ ዘመን የተተከለው የሙገር ፋብሪካና በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም ያለው የዳንጎቴ ፋብሪካ በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። በሲሚንቶ ሥራ ጥሬ ዕቃው በምድጃ ውስጥ ወደ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረስ አለበት። ሙቀቱ ካነሰ ክሊንከሩ አይበስልም፤ ከበዛ ነዳጅ ይባክናል፣ የምድጃው ጡብም ይጎዳል። ሙቀቱን፣ የነዳጁንና የጥሬ ዕቃውን ፍሰት ያለማቋረጥ እየለካ የሚያስተካክል የቁጥጥር ክፍል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሰው ምንም ቢተጋ በየሰከንዱ ሊለካ አይችልም።

አንዳንዱ አውቶሜሽን ደግሞ በባለቤቱ ፍላጎት ሳይሆን በሕግ ይመጣል። በደንብ ቁጥር 139/1999 የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ግዴታ ሲሆን፣ ብዙ ነጋዴ ለግብር ሰብሳቢው ብቻ የሚጠቅም አድርጎ ነበር የቆጠረው። ይሁንና ማታ ማታ የሚወጣውን ዜድ ሪፖርት በመሳቢያው ካለው ገንዘብ ጋር የሚያመሳክር ባለ ሱቅ፣ ቀድሞ አንድ ሰው ይቀጥርበት የነበረውን የቁጥጥር ሥራ በነፃ አግኝቷል። ሪፖርቱን ሳያነብ ፋይል የሚያደርግ ግን ወጪው ብቻ ነው የተረፈው።

እኔም ከዚህ ስሕተት ነፃ አይደለሁም። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ፒችትሪ ስናስገባ፣ የድሮውን አሠራር ሳንነካ ነበር። ውጤቱም እያንዳንዱን ሰነድ መዝግቦ፣ አትሞ፣ በሦስት ሰው አስፈርሞና ማኅተም አስመትቶ ማስቀመጥ ሆነ። የወረቀት ወጪያችን ጨመረ። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበርና እርሱ ሥራ በለቀቀ ሰሞን ሒሳቡ ለሳምንታት ቆመ።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። አንድ መሣሪያ 480 ሺሕ ብር ነው፣ በወር 25 ሺሕ ብር ያድናል እንበል። ሻጩ ገንዘብዎ ከ19 ወር ጥቂት በላይ በሆነ ጊዜ ይመለሳል ይልዎታል። ጥገና፣ ኢንተርኔት፣ የጄኔሬተር ነዳጅና የሠራተኛ ሥልጠና በወር 9 ሺሕ ብር ከወሰደ ግን የተጣራው ቁጠባ 16 ሺሕ ብር ነው፤ ገንዘቡም የሚመለሰው በ30 ወር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆመው ሥራ ገና አልገባበትም። ነዳጅ በአገር አቀፍ ደረጃ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ በተወሰነበት በ2015 ዓ.ም. በየማደያው የቆመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ጥሬ ገንዘብ የያዘም ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። «ሲስተም የለም» የምትለዋ ቃል የራሷ ዋጋ አላት፤ በስሌቱ ውስጥ መግባት ይኖርባታል።

ወዳጄ ሁለቱን ሠራተኞች አላሰናበተም። አንደኛው አሁን ከገበሬዎች ጋር እየተገናኘ እህል ይገዛለታል፣ ሁለተኛው ሚዛኑ ላይ ነው። በቅርቡ ደግሞ በራሱ መዝኖ ጆንያ የሚሰፋ ማሽን አየሁ ብሎ ደወለልኝ። መብራት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት ለስድስት ወር መዝግቦ እንዲያመጣ ነገርኩት። እስካሁን የሦስቱን ወር ልኮልኛል።