ጫት በድሬዳዋ፦ ክብሩ፣ የባህል መድኃኒትነቱና የሕክምና ትርጉሙ

ጫት የበጋ ፀሐይ ሌላውን ዕፅ በሚያጠወልግበት ወራት እንኳ ቅጠሉን የማያራግፍ ተክል ነው። በሐረርጌ ሕዝብ ዘንድ ዱዓ ሲደረግ፣ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ወይም ለዕርቅ ሲቀመጡ በክብር ይቀርባል። ቃሚው የሚሰማው መነቃቃት «ምርቃና» መባሉም ምርቃትን ያስታውሳል።

ስለ ተክሉ ከሚናገሩት ቀደምት የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን በንጉሡ ከተማ ጫት እተክላለሁ ብሎ መዛቱን ይተርካል። ከዚህ እንደሚታየው ቅጠሉ ገና ያን ጊዜ የአንድ ማኅበረሰብ መለያ ነበር። በ1855 እ.ኤ.አ. ሐረርን የጎበኘው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተንም የከተማዋ ሊቃውንት ጫት እየቃሙ እንደሚቀመጡ ጽፏል።

በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈው ጫት በአብዛኛው የሚለማው ከከተማዋ ውጭ፣ በላይዋ ባሉት የሐረርጌ ደጋማ ቦታዎች ነው። ሆኖም በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ከተራራው ሥር በመድረሱ ከተማዋ የጫት ንግድ በር ሆነች። ጫት ጊዜ አይሰጥም። ከተቆረጠ በሁለትና በሦስት ቀናት ውስጥ ኃይሉን ያጣል። ነጋዴው በልምድ ያወቀውን ምክንያት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ያረጋገጡት በ1975 እ.ኤ.አ. ከእርጥብ ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ባወጡ ጊዜ ነው። ካቲኖን በጠባዩ አምፌታሚንን ይመስላል፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲን ወደሚባል ደካማ ንጥረ ነገር ይለወጣል።

በባህል ሕክምና ቅጠሉና ሥሩ ለጉንፋን፣ ለሳል፣ ለአስምና ለሆድ ሕመም ሲሰጥ ኖሯል። ድካምንና ረኃብን ማስታገሱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህ «ፈውስ» ከካቲኖን የሚገኝ ጊዜያዊ ማነቃቂያ ነው። ያው ንጥረ ነገር የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍንም ይነሣል። በነፍሰ ጡር እናት ላይ የጽንሱ ክብደት ከማነሱ ጋር ተያይዟል። በቅጠሉ ያለው ታኒን ደግሞ የሆድ ድርቀት ያስከትላል። ምርቃናውን ለመስበር ማታ የሚጠጣው አልኮል፣ ማለትም «ጨብሲ»፣ ሌላ ጉዳት ይጨምራል።

የጤና ባለሙያው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ ጉዳይ አለ። በየመን ተደርጎ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት እየተቃመ የሚዋጥ አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ከቃሙ ሁለት ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ግን ተጽዕኖው ይጠፋል። እንግዲህ መድኃኒቱ «አልሠራልኝም» የሚል በሽተኛ መድኃኒቱን የዋጠበትን ሰዓት መጠየቅ ይገባል።

ጫትን እንደ በረካ የሚያከብር ሰው በቁጣ ሲጠየቅ መቃሙን ይደብቃል። ለምን እንደሚቅም፣ ስንት ጊዜ እንደሚቅምና ከመድኃኒቱ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን በአክብሮት ለሚጠይቀው ባለሙያ ግን እውነቱን ይነግራል። የቅጠሉን ታሪክ ማወቅም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።