በዐዋጅ የማይገባ እምነት

ልጆቼ ሆይ፥ እምነት ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ብትፈልጉ ደንቀዝን አስቡ። ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ይህ ስፍራ የዐፄ ሱስንዮስ ከተማ ነበረ።

ንጉሡ ፔሮ ፓይስ ከሚባለው ኢየሱሳዊ መምህር ጋር ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ። ይህ የራሳቸው የሕሊና ነገር ነውና አንነቅፋቸውም። በ1626 ግን ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ባሉበት ለሮማ መታዘዝ በመሐላ ጸና፤ ካህኑ እንደ ገና ይካን፥ የተጠመቀውም እንደ ገና ይጠመቅ ተባለ። ሕዝቡም ሸፈተ። ወለተ ጴጥሮስ፥ ባላቸው የንጉሡ ሹም ሲሆን፥ ቤታቸውን ጥለው መነኰሱ፤ ተግዘው እንኳ ቃላቸውን አላጠፉም። በ1632 ንጉሡ ወይና ደጋ ላይ ድል አደረጉ፤ ነገር ግን የወደቁት የገዛ ወገኖቻቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ።

ጎንደርን የቈረቈሩት ዐፄ ፋሲልም በተራቸው ኢየሱሳውያንን አባረሩ፤ በ1638 ሁለት የካፑቺን መነኰሳት፥ አጋታንጅና ካሲያን፥ በዚያው በጎንደር በገመድ ተሰቅለው ሞቱ። እንግዲህ ተገፊው ገፊ ሆነ ማለት ነው።

እኔ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሃይማኖትን ጥያቄና መልስ በቃሌ ስለ ወጣሁ ያመንሁ መስሎኝ ነበር። እምነት የመጣው ግን ዘግይቶ፥ ጥርጥር ካደከመኝ በኋላ፥ ጠያቂም አመስጋኝም በሌለበት ሌሊት ነው። ንጉሥ አንገትን ያስጐነብሳል፤ ልብን ግን ባለቤቱ ካልከፈተው ማን ይገባበታል? ስለዚህ ባልንጀራችሁን "እንደ እኔ እመን" ከማለታችሁ በፊት፥ እናንተ ማመናችሁን መርምሩ።