ወልቂጤና ቡታጅራ ለምትሮጡ፦ የትኛው ጫማ ለየትኛው መሬት?

የሩጫ ጫማ ስንገዛ መጀመሪያ የምናየው ስሙን ነው፤ ከዚያ ቀለሙን፣ ከዚያ ዋጋውን። የምንሮጥበት መሬት ትዝ የሚለን እግራችንን ወለም ሲለን ነው። አብዛኞቻችን ደግሞ ሁለት ጥንድ የመግዛት አቅም የለንም። አንዷን ከተሳሳትን ወራት አብረናት እንከርማለን። ክለብ ለመግባት ለሚለማመድ ልጅ አንድ ወለምታ የሳምንታት ልፋት ይበላበታል።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ እንንገራችሁ፦ ጫማውን የሚመርጠው መሬቱ ነው። ርቀቱ ሁለተኛ ይመጣል፣ ስሙ መጨረሻ። ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉትና ሱቅ ስትገቡ አውጡት።

1. መጀመሪያ መሬታችንን እንወቅ

ወልቂጤ 1,900 ሜትር፣ ቡታጅራ 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም የሩጫ አየር አላቸው፤ መሬታቸው ግን ለየቅል ነው። ወልቂጤ የጅማ መንገድ ላይ ናት፤ ከአስፋልቱ ወጣ ስትሉ ኮረኮንች፣ ቀይ አፈርና መረሬ ያገኛችኋል። ቡታጅራ የጉራጌ ተራሮች ግርጌ ላይ ነው የተቀመጠችው። በስተ ምዕራብ ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ዘቢዳር አለ፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል።

ከሶሉ ሥር ጎልቶ የሚወጣውን ጎማ እዚህ ላይ "ጥርስ" እንለዋለን። ጥርሱን በማስመሪያ መለካት ትችላላችሁ። አሁን መሬት በመሬት እንሂድ።

▪️ አስፋልትና ደረቅ ኮረኮንች፦ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይበቃል። ተራ የአስፋልት ጫማም ይሠራል። ረጅም ጥርስ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ገንዘባችሁን መንገድ ላይ እየፈጫችሁ ነው ማለት ነው።

▪️ ጀፎረ፦ በጉራጌ መንደሮች መሃል የሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ ለእግር የተመቸ ነው፤ ለስላሳና ሜዳማ። ሲደርቅ ማንኛውም ጫማ ይሄዳል። ጤዛ ሲኖር ወይም ዝናብ ሲመታው ግን ያንሸራትታልና ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያስፈልጋል። ጀፎረ የማኅበረሰቡ የጋራ ሀብት መሆኑንም አትርሱ። ሰርግ ወይም ለቅሶ ካለ ሩጫው ሌላ ቦታ ይሁን።

▪️ የክረምት ጭቃ፦ መረሬ ሲርስ ከጫማው ሥር እየተለጠፈ እያንዳንዱን እግር ያከብዳል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንፈልጋለን፦ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ጥርስ፣ በጥርሶቹ መካከል ደግሞ ሰፊ ክፍተት። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ጭቃው ተሰክቶ ይቀርና ሶሉ ልሙጥ ይሆናል። ሳሎሞን "ስፒድክሮስ" የሚባለው ጫማ በረጃጅምና በተራራቁ ጥርሶቹ ይታወቃል።

▪️ ድንጋይና ዳገት፦ ከቡታጅራ ወደ ተራራው ለምትወጡ፣ ከጥርሱ ርዝመት ይልቅ የጎማው ጥራት ይበልጣል። ደረቅና ጠንካራ ጎማ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጥርሱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጣት ፊት ለፊት ጠንከር ያለ መከላከያ ጎማ ይኑረው። ሹል ድንጋይ ውስጥ እግርን እንዳይወጋ አንዳንድ ጫማዎች ሶሉ ውስጥ ስስ ጠፍጣፋ መከላከያ አላቸው፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

▪️ ቀይ አሽ፦ በቡታጅራና በስልጤ መካከል፣ ሀረ ሸይጣን ሐይቅ ያለበት አካባቢ የጥንት እሳተ ገሞራ መሬት ነው። ቀይ አሽ ሻካራ ስለሆነ ለስላሳ ጎማን ይበላል፣ ትናንሽ ጠጠሮቹም ጫማ ውስጥ ይገባሉ። የላዩ ጨርቅ ጠበቅ ያለ፣ አንገቱ እግር ላይ በደንብ የሚገጥም ይሁን።

ታኬታስ? አጭር ሜዳ ላይ ኳስ ለመጫወት ነው የተሠራው። ጥርሶቹ ጥቂትና ደረቅ ስለሆኑ ድንጋይ ላይ እግርን ያወላግዳል፤ ስፖንጅ ስለሌለውም ረጅም ሩጫ ላይ ውስጥ እግርን ይጎዳል።

2. ርቀቱን በሰዓትም ለኩት

10 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይና 10 ኪሎ ሜትር ወደ ዘቢዳር አንድ አይደሉም። ከቡታጅራ እስከ ጫፉ የከፍታ ልዩነቱ ብቻ 1,600 ሜትር ገደማ ነው።

ከ1 ሰዓት በታች ለሚሆን ሩጫ ቀላልና ስስ ጫማ ይሻላል፤ መሬቱ ስለሚሰማችሁ እግራችሁን በትክክል ታሳርፋላችሁ። ከ1 እስከ 2 ሰዓት መካከለኛ ስፖንጅ ምረጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወፍራም ስፖንጅና ጣት የሚዘረጋበት ሰፊ አፍንጫ ያስፈልጋል። ነገር ግን ስፖንጁ ከፍ ባለ ቁጥር ድንጋይ ላይ የመንጋደድ ዕድሉም ይጨምራል። ስለዚህ ወፍራም ከሆነ ሥሩም ሰፊ ይሁን።

ተረከዙ ከጣቱ ምን ያህል ከፍ እንደሚልም እዩ። ልዩነቱ ከ0 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከፍ ያለ ተረከዝ ከለመዳችሁ ድንገት ወደ ዝቅተኛው አትዝለሉ፤ ባትና የተረከዝ ጅማት ይጎዳል። መጀመሪያ በአጫጭር ሩጫ አለማምዱት።

3. ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፈተና

▪️ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። እግር ቀን ሙሉ ሲቆም ያብጣል፣ ሩጫ ላይም እንደዚያው።
▪️ የምትሮጡበትን ካልሲ አድርጉ።
▪️ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑር። ደረጃ ካለ እየረገጣችሁ ውረዱ፤ ጣታችሁ ጫፉን ከነካ ቁልቁለት ላይ ጥፍራችሁ ይጠቁራል።
▪️ ተረከዝ ከፍ ዝቅ ካለ ውሃ ይቋጥራል። የላይኛውን የመጨረሻ ቀዳዳ ተጠቅማችሁ እሰሩት፤ አሁንም ካልያዘ ተዉት።
▪️ ጫማውን እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች ሥር ነው፤ ወገቡ ላይ ከታጠፈ አይሆንም።

ሰልባጅ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የሌላ ሰው አረጋገጥ ነው የያዘው። ስፖንጁን በአውራ ጣት ጫኑት፤ ደንድኖ ካልተመለሰ ሞቷል። ኮፒ ከሆነ ሶሉና ጨርቁ የተጣበቁበትን መስመር ጎትቱ። እውነቱን ለመናገር ኦሪጅናል ሰልባጅ ከአዲስ ኮፒ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስፖንጁ በሕይወት ካለ ማለታችን ነው።

4. የሻምፒዮኖቹን ጫማ እንግዛ?

ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ ነበር የሚመዝነው፣ ዋጋውም 500 ዶላር። አምራቹ ራሱ የሠራሁት ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መለማመጃ ነው ብሏል። ንጹሕ አስፋልት ላይ የሚበር ጫማ ኮረኮንች ላይ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል።

ሕጉም አለ። በጎዳና ውድድር የሶል ውፍረት ከ40 ሚሊ ሜትር መብለጥ አይችልም። ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉን ተነጥቋል። ለልምምድ የገዛችሁትን ወፍራም ጫማ ይዛችሁ ውድድር ከመግባታችሁ በፊት ለኩት።

"አበበ ቢቂላስ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም ወይ?" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1960፤ ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ደገመው። የማይመች ጫማ ከባዶ እግር ይብሳል፤ የሚመች ጫማ ደግሞ ከሁለቱም ይሻላል። በዚያ ላይ በደጋው የእሳተ ገሞራ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ።

5. ዕድሜውን ማራዘም

አንድ የሩጫ ጫማ በተለምዶ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል። በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ከሮጣችሁ ከሦስት እስከ አምስት ወር ማለት ነው። ሲረጥብ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር አታስጡት፤ ማስቲሹ ይለቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ሶሉ ጠርዙ ላይ ብቻ ከለቀቀ ሊስትሮ ዘንድ ይሰፋል፤ ስፖንጁ ከሞተ ግን የሚጠግነው የለም።

ውሃ አያስገባም ለሚባለው ጫማ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ወንዝ ስትሻገሩ ውሃው በአንገቱ ይገባና መውጫ ያጣል። በክረምት የሚያስፈልገን ውሃውን ቶሎ የሚያፈስ ጨርቅ ነው።

አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል

ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ጥርስ፣ መካከለኛ ስፖንጅ፣ ጣት ላይ መከላከያ ጎማ፣ ከጣት ፊት የአውራ ጣት ክፍተት። ይህ ጫማ ጀፎረውንም፣ ኮረኮንቹንም፣ የተራራውን መንገድም ይችላል። ከባድ መረሬ ላይ ይቸገራል፤ በዚያ ሰሞን ወደ ኮረኮንቹ ዞር በሉ። አስፋልት ላይ ትንሽ ቶሎ ያልቃል፤ ቢሆንም እግር ከሚያልቅ ጥርሱ ይለቅ።

ጫማ ሊገዛ ያሰበ የሩጫ ጓደኛ ካላችሁ ብሩን ከማውጣቱ በፊት ላኩለት።