ሳያቲካ በቻይና ባህላዊ ሕክምና

ሳያቲካ ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫና በጭን ጀርባ እስከ እግር የሚወርድ የነርቭ ሕመም ነው፤ ብዙውን ጊዜ መንስኤው ከቦታው የተንሸራተተ የአከርካሪ ዲስክ ነርቭን መጫኑ ነው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ቀጫጭን መርፌዎች በመቀመጫና ከጉልበት በስተጀርባ ባሉ ነጥቦች ተሰክተው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያሉ፤ ከአሪቲ ጋር የሚዛመድ ደረቅ ቅጠል አጭሶ ቆዳን ማሞቅም አለ። ሕክምናው ሕመም ሊያስታግስ ቢችልም ዲስኩን ወደ ቦታው እንደሚመልስ አልተረጋገጠም።

የቻይና ሐኪሞች ቡድን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ በአዲስ አበባው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የመርፌ ሕክምና ሰጥቷል። በአገር ባህል ደግሞ በወልቂጤና በቡታጅራ ወገቡን የታመመ ሰው ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸቱ የቆየ ልማድ ነው። ሽንት መቆጣጠር ያቃተው ወይም ብልቱ አካባቢ የደነዘዘው ግን ሳይታሽ በአስቸኳይ ሆስፒታል መድረስ አለበት።